መንገድ የሚመራ መሣሪያ፤ የእጅ ስልክ ወይስ ለብቻው የተሠራ ጂፒኤስ?



ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚወጣ መንገደኛ ከተማይቱን የሚሰናበተው አብዛኛውን ጊዜ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። አውቶቡሶች ከቃሊቲ መናኸሪያ ይነሣሉ፤ ተሳቢ የሚጎትቱት የጭነት መኪናዎች በዚሁ በኩል ወደ ሞጆና ወደ ጅቡቲ መስመር ያመራሉ፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው፣ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ይጀምራል። በዚሁ በር የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪናዎችም ባለሙያዎችን፣ ድንኳንን፣ ነዳጅንና ስንቅን ጭነው ለአሥርና ለአሥራ አምስት ቀን የመስክ ሥራ ይወጣሉ። እንዲህ ያለው መኪና ለተጓዡ ቢሮውም ቤቱም ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ከእነዚህ መንገደኞች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ይኸውም «መንገድ እንዲመራን በእጃችን ያለው ስልክ ይበቃናልን? ወይስ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራውን የጂፒኤስ መሣሪያ መግዛት ይገባናል?» የሚል ነው። በራዲዮ ያዳመጣችሁትና አሁን በዚህ ዓምድ የምታነቡት ንግግር ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ የታሰበ ነው።

አስቀድመን ቃሉን ማጥራት ይገባናል። በመሥሪያ ቤቶቻችን «መኪናው ጂፒኤስ አለው» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው መኪናው የት እንደ ዋለ ለስምሪት ክፍል የሚያሳውቀው የመከታተያ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ለአለቃው ይነግራል እንጂ ለሾፌሩ መንገድ አያሳይም። መንገድ የሚመራው መሣሪያ ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ነገሮች ተጣምረው የሚሠሩበትም ነው። አንደኛው ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው ተቀባይ ነው፤ ሁለተኛው በዚያ ቦታ ዙሪያ ያለውን መንገድ የሚያሳየው ካርታ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ከምርጫው ግማሹን እንደ ጨረሰ ሊቈጠር ይችላል።

ስለ ተቀባዩ እንነጋገር። ጂፒኤስ የአሜሪካ የጦር ኃይል ያቋቋመው የሳተላይቶች ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ሰማይ ወጣ፤ ሥርዓቱም በሙሉ ኃይሉ መሥራቱ የታወጀው በ1995 ነው። እስከ 2000 ድረስ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚሰጠው ልክ ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ይህ ቀርቶ ማንኛውም ሰው በጥቂት ሜትሮች ስሕተት ያለበትን ለማወቅ ቻለ። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ትክክለኛ ሰዓት ይዘው «ይህን ምልክት የላክሁት በዚህ ቅጽበት ነው» እያሉ ያለ ማቋረጥ ይናገራሉ። ተቀባያችን ምልክቱ የደረሰበትን ጊዜ ከተላከበት ጊዜ ጋር አስተያይቶ ርቀቱን ያሰላል። የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት በምድር ላይ 300 ሜትር ያህል ስሕተት ይሆናል፤ ስለዚህም ተቀባዩ የራሱን ሰዓት ጭምር ለማረም ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ድምፅ መስማት ያስፈልገዋል። ዛሬ ከአሜሪካው ሌላ የሩስያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ስላሉ፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮችና መሣሪያዎች ከሁሉም ይሰማሉ።

ከዚህ ሁሉ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ይህ አሠራር የራዲዮ አሠራር መሆኑ ነው። የጣልያን ወረራ ከመድረሱ በፊት፣ በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ ሥራ የጀመረው ጣቢያ ይናገር ነበር፤ ራዲዮ ያለው ሁሉ ያዳምጥ ነበር፤ አድማጩ ለማዳመጥ ለጣቢያው መልስ መስጠት አላስፈለገውም። ጂፒኤስም እንዲሁ ነው። ሳተላይቱ ይናገራል፤ ስልኩ ያዳምጣል። በመሆኑም «ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም» የሚለው በብዙ ሰው አፍ የሚነገረው ቃል ትክክል አይደለም። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠፋው ቦታን ማወቁ ሳይሆን ካርታው ነው። ስልኩ ያለንበትን ያውቃል፤ ነገር ግን ካርታውን ከሩቅ አገር ኮምፒዩተር በኢንተርኔት እየተበደረ ያሳየን ስለ ነበር፣ ብድሩ ሲቋረጥ በባዶ ገጽ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ትቀራለች።

እንግዲህ የስልኩን ጥቅምና ጉድለት ከዚህ ተነሥተን እንመዝን። የስልኩ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ገንዘብ ተጨምሮበት አይገዛም፤ ካርታውም ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፤ መንገድ ሲጨናነቅ ይናገራል። እንደ ኮዬ ፈጬና እንደ ቱሉ ዲምቱ ባሉት፣ ሕንፃው ከመንገዱ ስም ቀድሞ በሚደርስባቸው አዳዲስ ሰፈሮች፣ በየጊዜው የሚታደስ ካርታ ከአሮጌ ካርታ ይሻላል። ጉድለቱ ግን ያልተዘጋጀበትን ሰው በማይመች ሰዓት መክዳቱ ነው። ኢንተርኔት በተራራ ይጋረዳል፤ መብራት ሲጠፋም አንቴናው ሊዘጋ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም በአገር ደረጃ ይቋረጣል። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ እንደ ነበር የማያስታውስ የለም። በዚያ ወራት ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ያላኖረ መንገደኛ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከመክተት በቀር የሚጠቀምበት አልነበረም።

የዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጉግል ማፕስ የአንድን አካባቢ ካርታ ወደ ስልክ ለማውረድ ይፈቅዳል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚባሉት መተግበሪያዎች ደግሞ ከመጀመሪያውኑ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው፤ ካርታቸውንም እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመሠረተው ከኦፕንስትሪትማፕ ይወስዳሉ። ይህ ካርታ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሥሉትና የሚያርሙት ስለ ሆነ፣ ጉግል ያላወቀውን የገጠር መንገድ አንዳንድ ጊዜ ይዞ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ጉግል የሚያውቀውን እርሱ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱን መያዝ ብልህነት ነው፤ አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነውና።

ለብቻው የተሠራው መሣሪያስ ምን ይበልጣል? ጋርሚንና ቶምቶም የሚባሉት ኩባንያዎች የሚሠሩት የመኪና ጂፒኤስ ካርታውን በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ ከማንም አይበደርም። ስልክ በአፋር ፀሐይ ዳሽቦርድ ላይ ሲቀመጥ ይግላል፤ ከመጠን ሲያልፍም ራሱን ያጠፋል፤ ለመኪና የተሠራው መሣሪያ ግን ሙቀትን በተሻለ ይታገሣል። ስልክ ሲደወልለት ካርታው ይሸፈናል፤ ባትሪውም ለካርታ፣ ለጥሪ፣ ለመልእክትና ለፎቶግራፍ ስለሚከፋፈል ቶሎ ያልቃል፤ ይኸኛው ግን ሥራው አንድ ነው። በእጅ የሚያዘው ዓይነት ደግሞ ዝናብንና መውደቅን ይችላል፤ በተራ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራም ስላለ፣ መብራት በሌለበት ቀበሌ ከሱቅ ድንጋይ ገዝቶ መቀጠል ይቻላል። የእርሻ ባለሙያዎችና የመሬት አስተዳደር ሠራተኞች ለረጅም ዓመታት የተገለገሉበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም አንድ ትልቅ ብልጫ ይነገርለታል። በአሜሪካና በአውሮፓ በውስጣቸው አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለባቸው፣ ሰዎች እረፍታቸውን የሚያሳልፉባቸው ትልልቅ የመንገድ ቤቶች አሉ። ለእነዚህና ለጭነት መኪናዎች ተብሎ የሚሸጠው ልዩ ጂፒኤስ የመኪናውን ቁመት፣ ወርድ፣ ርዝመትና ክብደት ጠይቆ ይመዘግባል፤ ከዚያም ዝቅተኛ ድልድይ ወይም ደካማ መንገድ ባለበት አያሳልፍም። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና፣ በደርም ከተማ፣ ከሥሩ መኪና የሚያልፍበት አንድ የባቡር ድልድይ ለብዙ ዘመን ከፍታው 3.56 ሜትር ብቻ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ እያለ የጭነት መኪናዎችንና የመንገድ ቤቶችን ጣሪያ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ እየገሸለጠ ስሙ በዓለም ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢደረግም መኪናዎች መምታታቸውን አላቆሙም። ተራው የስልክ ካርታ የምትነዱት ትንሽ መኪና ይሁን ተሳቢ አይጠይቅም፤ ለሁሉም አንድ መንገድ ይመራል።

ነገር ግን በዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። መሣሪያው የድልድዩን ቁመት ሊያውቅ የሚችለው ቁመቱ በካርታው ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። በአገራችን ካርታዎች ላይ ግን የድልድይ ቁመትና የሚችለው ክብደት የተመዘገበበት ቦታ ጥቂት ነው። በመሆኑም ውድ ገንዘብ ከፍሎ የመኪናውን ልክ በመሣሪያው ያስገባ ሰው መሣሪያው ዝም ሲል «መንገዱ ሰላም ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ መሣሪያው ግን ዝም ያለው ስላላወቀ ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ ከግልጽ አለማወቅ ይልቅ አደገኛ ነው። ከፍ ያለ ጭነት የምትጭኑ ሁሉ ከመነሣታችሁ በፊት ጭነቱ እስከ ደረሰበት ጫፍ ድረስ በሜትር ለኩ፤ ቁጥሩንም በካርቶን ጽፋችሁ ከሾፌሩ ፊት ለጥፉት። ይህ ካርቶን በአገራችን መንገድ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ሁለቱንም መሣሪያዎች በእኩል ወደሚያሳስት ነገር እንለፍ፤ እርሱም የቦታ ስምና ቁጥር ነው። አቃቂ ቃሊቲ ራሷ በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት ዓይነት ተጽፋ ትገኛለች፤ በአንደኛው አጻጻፍ ፈልጋችሁ ብታጡ በሌላው ሞክሩ። ከዚህ የሚብሰው አንድ ስም ለብዙ ቦታ መሆኑ ነው። ደራ የሚባል ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ አለ፤ ደራ የሚባል ወረዳ በሰሜን ሸዋ አለ፤ ደራ የሚባል ወረዳ በደቡብ ጎንደርም አለ። ከቃሊቲ ተነሥቶ «ደራ» ብሎ የጻፈ ሰው የመጀመሪያውን መልስ ተቀብሎ ቢነዳ፣ ወደ ምሥራቅ ሊሄድ የሚገባው ወደ ሰሜን ሊያቀና ይችላል። ስለዚህ ክልሉን፣ ዞኑንና ወረዳውን ሳታረጋግጡ አትነሡ፤ መሣሪያው የሰጠውን ጠቅላላ ኪሎ ሜትርም ከሾፌሩ ግምት ጋር አስተያዩ።

የቦታ ቁጥር በወረቀት ወይም በስልክ የምትቀባበሉም አጻጻፉን ተስማሙበት። 8 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 8.5 ነው እንጂ 8.30 አይደለም፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለ ሆነ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ይህች ትንሽ የምትመስል ስሕተት መንገደኛውን 22 ኪሎ ሜትር ያህል ታርቀዋለች። እንዲሁም ከኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች የወጡት ብዙዎቹ ባለ1፡50,000 የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ ባለችው በአዲንዳን ስም በሚጠራው መነሻ ልክ ነው፤ ጂፒኤስ ግን የሚናገረው በዓለም አቀፉ ልክ ነው። ሁለቱ በአገራችን ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ይህን ልክ ለመለወጥ የሚያስችል ቦታ ስላለው፣ ከወረቀት ካርታ ጋር የምትሠሩ አስቀድማችሁ አስተካክሉት፤ አለበለዚያ የውኃ ጕድጓዱ ወይም የእርሻው ወሰን ከወንዙ ማዶ ሆኖ ይገኛል።

መሣሪያውን ለመግዛት የቈረጣችሁ ደግሞ ገንዘቡ የራሳችሁም ይሁን የመንግሥት እነዚህን አራት ነገሮች መርምሩ። አንደኛ፤ በውስጡ ያለው ካርታ የየት አገር ነው? ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሰሜን አሜሪካን ካርታ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የኢትዮጵያ ካርታ ካልተጫነበት ጌጥ ነው። ከኦፕንስትሪትማፕ ለጋርሚን የተዘጋጀ ካርታ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ የደቡብ አፍሪካው ትራክስፎርአፍሪካም ለአፍሪካ መንገደኞች ካርታ ይሸጣል። ሁለተኛ፤ ዕድሜው ስንት ነው? የጂፒኤስ የሳምንት ቈጠራ በየ1,024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2019 ሲመለስ ያልታደሱ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ቀናቸውና ሥራቸው ተዛብቷል፤ ያገለገለ ከመግዛታችሁ በፊት ደጅ አውጥታችሁ ቀኑንና ቦታውን በትክክል መናገሩን ተመልከቱ። ሦስተኛ፤ ኤሌክትሪኩ ምን ያህል ነው? የትንንሽ መኪና ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን የብዙ ከባድ መኪናዎች 24 ቮልት ነው፤ ለ12 ብቻ የተሠራ ቻርጀር በከባድ መኪና ይቃጠላል። አራተኛ፤ መሣሪያው የሚሰማ ብቻ ነው ወይስ ወደ ሳተላይት መልእክት የሚልክም ነው? የሚልከው ዓይነት ከተራ ተቀባይ የተለየ የመገናኛ መሣሪያ ስለ ሆነ፣ ከውጭ አገር ከማስመጣታችሁ በፊት ጉምሩክንና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? በከተማና እስከ አዳማ፣ እስከ ሐዋሳ ባለው በታወቀ አስፋልት የምትጓዙ፣ ካርታው የወረደበት ስልክ ይበቃችኋል፤ ሌላ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ከአስፋልት ወጥታችሁ ለብዙ ቀን በገጠር የምትሠሩ፣ ሁለት ዓይነት ካርታ የወረደበት ስልክና በእጅ የሚያዝ አንድ ተቀባይ ለቡድኑ ይኑራችሁ። ከባድ ወይም ከፍ ያለ መኪና ይዛችሁ ረጅም አገር የምታቋርጡ፣ ለመኪና የተሠራውን ብትገዙ በሙቀቱና በጽናቱ ትጠቀማላችሁ፤ ስለ ድልድዩ ግን በእርሱ አትመኩ። በሦስቱም ወገን የሚጸናው ቃል አንድ ነው፤ «መሣሪያዬ የትኛው ነው?» ከማለት በፊት «ካርታዬ የት ነው ያለው? በእጄ ነው ወይስ በኔትወርክ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህንንም በወሬ አትመኑ፤ ፈትኑት። ከጕዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ካርታውን በቢሮ ወይም በቤት ዋይፋይ አውርዱ፤ ከዚያም የስልካችሁን ዳታ አጥፉና ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ሂዱበት። ነጥቧ ከመንገዱ ጋር ከተጓዘች፣ ጎዳናዎቹም በስማቸው ከታዩ ተዘጋጅታችኋል። ነጥቧ መጀመሪያ ብትዘገይ አትደንግጡ፤ ስልክ በኔትወርክ ሲረዳ ሳተላይቶቹን ወዲያው ያገኛቸዋል፤ ብቻውን ሲሆን ግን የሳተላይቶቹን ማስታወቂያ ከሰማይ እስኪያነብ ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል። ሰማይ በማይታይበትም፣ ለምሳሌ በጣርማበር ዋሻ ውስጥ፣ የትኛውም መሣሪያ ለጊዜው ይደነቍራል፤ እንደ ዐባይ ሸለቆ ባለ ጥልቅ ገደል ሥር ደግሞ የሚሰማቸው ሳተላይቶች ሊያንሱ ይችላሉ።

በመጨረሻም ስለ ሰው ሕይወት አንድ ቃል እንጨምር። መሪ የያዘ ሰው ስልክ እንዲነካካ የትራፊክ ደንብም ኅሊናም አይፈቅዱለትም። ካርታውን የሚያነበው ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ይሁን፤ ሾፌሩ ብቻውን ከሆነ መድረሻውን መኪናው ቆሞ ሳለ ይጻፍ፤ ለማረም ሲፈልግም ዳር ይዞ ይቁም። መሣሪያው አጭሩን መንገድ ያውቃል፤ ነገር ግን ትናንት ማታ ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ፣ መሽቶ የማይታለፈውን መንገድ፣ ዛሬ ጧት የተዘጋውን ኬላ አያውቅም። እነዚህን የሚያውቀው ከዚያ የመጣው ሾፌርና በዚያ የሚኖረው ገበሬ ነው። ወደ ወረዳው ከመነሣታችሁ በፊት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ደውሉ፤ በየመቆሚያው ጠይቁ፤ መልሱ ከካርታው ጋር ባይስማማ ሰውየውን እመኑ። አንድ መኪና ተሳስቶ ሲውል የሚባክነው የመንግሥት ነዳጅና የሠራተኛው አበል ብቻ አይደለም፤ ክትባቱን የሚጠብቀው ልጅ፣ ዘሩን የሚጠብቀው ገበሬ፣ አባቱን የሚጠብቀው የሾፌሩ ቤተ ሰብ በዚያች ስሕተት ውስጥ አሉበት። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።